እስከ ኩርሙክ የደረሰው የውጭ አገር ኮንሰርታችን

ባለፈው ሰሞን አሶሳ መናኸሪያ የሸርቆሌ ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ፖስተር ሳነብ ደሜ ፈላ። አንድ ጎረምሳ ዘፋኝ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ምሳ እንደከለከሉት ልጅ አኩርፎ ቆሟል። ከሥሩ «የአዲሱ አልበም ዓለም አቀፍ የኮንሰርት ጉዞ» ይላል። ከዚያ በኋላ የከተማ ስም ብቻ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፣ ግማሹን ማንበብም አቃተኝ። ይሄ ሁሉ አገር! አንድ ሰው፣ በአንድ ዓመት፣ ያውም አኩርፎ!

«ጋሼ፣ ልጁን ያውቁታል እንዴ?» አለኝ የሚኒባሱ ረዳት፣ አፍጥጬ መቅረቴን አይቶ።

«ልጁን አላውቀውም። ጉዞውን ግን አውቀዋለሁ። እኛም በዘመናችን አዲስ አልበም አውጥተን ውጭ አገር ሄደናል።»

ከራሰ በራዬ ጀምሮ ወደ ታች አየኝ፤ ቦርጬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ምን ሆነው ነው የሄዱት?»

«ከበሮ መቺ።»

«አሃ! ከበሮውን ውጠውት ነዋ የተመለሱት!»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ቀድሞኝ መናገሩ ነው የቆጨኝ። እስከ ሸርቆሌ ድረስ ግን መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ስብሰለሰል ሄድኩ። ምክንያቱም ያው መንገድ ነው። ዛሬ ሚኒባስ የሚበርበት፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች መኪናቸውን እያቧረቁ የሚያልፉበት መንገድ፣ ያኔ የእኛ ዓለም አቀፍ ጉዞ የተንፏቀቀበት መንገድ ነው።

ያን ጊዜ ቦርጭ የሚባል ነገር አምባችን ውስጥ አልነበረም። አምባ የምላችሁ ድርቅ ከወሎ ሲያባርረን በአውሮፕላን አምጥተው ያሰፈሩን መንደር ነው፤ ስም እንኳ አልነበረውም፣ ቁጥር ብቻ። ቤቱ ቀርከሃ፣ አጥሩ ቀርከሃ፣ አልጋው ቀርከሃ፤ ስትገላበጥ ሦስተኛው ጎረቤት ይነቃል። ጠዋት የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል፤ እሱ ሲጮህ ሁሉም ወደ ጋራ እርሻ። ሙቀቱ አልለቅ አለን፣ ወባው አልለቅ አለን፣ ስብሰባው አልለቅ አለን። ገበያ የምንወጣባት ቅዳሜ ግን፣ እሷን አትንኩብኝ! ሻይ አሥር ሳንቲም። በስሙኒ ማንጎ እቅፍህን ሞልተህ ትሄዳለህ። ከሱዳን በጎን የገባ ሳልቫጅ ሸሚዝ ሦስት ብር ነው፤ የእኔው ደረቱ ላይ የሆነ የፈረንጅ ኮሌጅ ስም ተጽፎበት ስለነበር፣ መሠረተ ትምህርት በግድ የጨረስኩት ሰውዬ በየሻይ ቤቱ እንደ ምሁር ወንበር ይለቀቅልኝ ነበር። ቦላሌ ሱሪ፣ እግሩ መንገድ የሚጠርግ። ኮንጎ ጫማ፣ በዚያ ሙቀት እግርህን ቀቅሎ የሚያወጣልህ። ከመስጊዱ ጥግ ያለችው ሻይ ቤት ባለቤት ደግሞ ቴፗን በረንዳ ላይ አውጥታ በባትሪ ድንጋይ ታዘፍናለች። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙም ይደክማል፤ የቀጭኑ ድምፅ ወፍሮ የታመመ በሬ ይሆናል። ያኔ ድንጋዩን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ እኛም እስኪሞቅ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ዛሬ ልጄ ዘፈኑ ስልኩ ላይ ትንሽ ከዘገየበት አገር ይያዝልኝ ይላል። ድንጋይ አስጥተህ ዘፈን ጠብቀህ ታውቃለህ ወይ ስለው፣ አባዬ ዛሬም ጀመረው ብሎ ይወጣል።

አያ ይመር የአምባችን ማሲንቆ መቺ ነው። ከወሎ ስንመጣ ሰው ሁሉ የቀረችውን ዕቃ ሲያንጠለጥል፣ እሱ ማሲንቆውን በብብቱ ይዞ ነው አውሮፕላን የገባው። ድምፁ ሰው ያስለቅሳል፤ ጠባዩም እንደዚያው። እኔ ከበሮ መቺው ነኝ። ምን እንደሚነካኝ አላውቅም፣ ከበሮ ስመታ ዘፈኑን እቀድመዋለሁ። «ሰይዶ፣ ቀድመኸኝ ከደረስክ እዚያው ጠብቀኝ» ይለኝ ነበር በሰው ፊት። ፊደል ስለቆጠርኩ ግን የቡድኑ ሥራ አስኪያጅም እኔው ነበርኩ፤ ከእኔ የተሻለ ስላልተገኘ መሆኑን አያ ይመር በየቀኑ ያስታውሰኛል።

ሦስተኛው ሰው አቡ ዘይነብ ናቸው። በርታ ናቸው፣ የአገሩ ባለቤት፤ እኛ ስንሰፍርበት ማንም ያልጠየቃቸው መሬት የእነሱ ነበር። እዚያ አባትን በልጁ ስም መጥራት አለና፣ የዘይነብ አባት ማለት ነው ስማቸው። የዋዛ ቡድን አለቃ ነበሩ። ዋዛ፣ ቅል በቅል ላይ እየተቀጠለ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ ስሙን ሰምታችሁ እንዳትቀልዱ፣ እኔ ቀልጄ አይቼዋለሁ። አሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለት መለከት ይይዛል፤ አንዱ መለከት ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። አንተ ያንተን «ዱ» ትልና ዝም ትላለህ፤ ሌሎቹ ዞረው ዞረው ተራህ ሲደርስ ደግመህ «ዱ»። በቃ። ዕድሜ ልክህን የምትነፋው እሷኑ ነው። ለብቻህ ስትሰማ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው የምትመስለው፤ አሥራ ሁለቱ ሲገጥም ግን መሬቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስልሃል። አያ ይመር ገበያ ዳር የሰማቸው ቀን የያዘውን ጨው ጥሎ ቆመ። አቡ ዘይነብ መጀመሪያ ሰፋሪ ማናገርም አልፈለጉም፤ አይፈረድባቸውም። እሱ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አጠገባቸው ሄዶ ይከረክራል። በመጨረሻ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ «እሺ። አንተ ዝም ይላል። እኛ ሲነፋ፣ አንተ ቀስ ብሎ ይገባል» አሉት። አማርኛቸው እንዲህ ነው፤ የእኔ በርትኛ ከሰላምታና ከ«ብላ» ስለማያልፍ መሳቅ አልችልም ነበር።

አልበሙን የቀዳነው በዚያችው ሻይ ቤት ቴፕ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። አያ ይመር ክፍል ውስጥ፣ ዋዛዎቹ ሜዳው ላይ፤ ክፍል ውስጥ ሲነፋ ቴፑ ያብዳላ። እኔ ከበሮዬን ይዤ በሩ ላይ፣ ግማሽ ጎኔ ውስጥ ግማሽ ጎኔ ውጭ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንድ ውሻ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ፣ ልክ ግጥሙ ሲያልቅ ሁለቴ ጮኸ። ባዶ ካሴት እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፣ ደግመን አንቀዳም፤ ውሻው እዚያው ቀረ። ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው እየገለበጥን ሸጥነው። አዲሱ አልበም ማለት ይሄ ነው።

ኩርሙክ ሁለት ነው፤ የእኛ ኩርሙክና የሱዳን ኩርሙክ። መካከላቸው ኾር አለ፤ በበጋ አሸዋ ብቻ የሆነ ደረቅ ወንዝ፣ ከዚህ ዳር ቆመህ የማዶውን ሰው ፊት የምትለይበት። ዘይነብ ያገባችው ማዶ ነው። ያኔ ድንበሩ ክፍት ነበር፤ ለምሳ ሄደህ ለራት የምትመለስበት ማለት ነው። ከዚያ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ እኔ አላውቅም፤ የዘጋውም የሚያውቅ አይመስለኝም። ነጋዴው በጎን ይሾልካል፤ አቡ ዘይነብ ግን የታወቁ ሰው ናቸው፣ ቢያዙ መዘዙ ለአሥራ ሁለት ቤተሰብ ነው። ዘይነብ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጁ ዳኸ፣ ቆመ፣ ሄደ፤ አያቱ አላዩትም። ነጋዴዎቹ ታዲያ ከሳሙናና ከቡናው ጋር ካሴታችንን ይዘው ተሻገሩ። ከአዝመራ በኋላ መልስ መጣ፤ ዘፈናችሁ ገበያውን ይዞታል፣ ኑና ተጫወቱልን፣ ከዚያ ዳማዚን ከተማ እንወስዳችኋለን ይላል።

«ሰይዶ፣ ውጭ አገር!» አለ አያ ይመር፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም እንደ ሥራ አስኪያጅ ተቀምጬ ጉዞውን አወጣሁ፤ ኩርሙክ፣ ዳማዚን፣ ከዚያ በራሴ ሥልጣን ካርቱምን ጨመርኩበት። አቡ ዘይነብ ግን ካርቱምን አልሰሙትም።

«ዘይነብ ካየ፣ ልጁን ከያዘ፣ እኔ ይበቃል» አሉ። «ግን ዝናብ ሳይመጣ። ዘር መሬት ከገባ ዋዛ ይተኛል። አዲስ ማሽላ እስኪበላ ማንም አይነፋም። ከነፋ ማሽላው ባዶ ይወጣል፣ ሰው ይራባል።»

«ኧረ ገና በጋው መች ገባ፣ አቡ ዘይነብ!» አልኳቸው። «ፈቃድ ማውጣት እኮ አንድ ወረቀት ናት።»

አፌን ቢቆርጡኝ ምን ነበረበት!

አምባው ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሂዱ አለን። ገበሬ ማኅበሩ፣ ሰፋሪና ነባር በአንድ ወረቀት አይወጣም አለን። አሶሳ ያለው ጽሕፈት ቤት፣ መጀመሪያ ዘፈኑ ይመርመር አለ። መርማሪው ጓድ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሻይ አዞልን ካሴቱን ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ዘፈን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ውሻው ሲጮህ ግን ዓይኑን ገለጠ።

«ይሄ ውሻ ማን ላይ ነው የሚጮኸው?»

«ማንም ላይ አይደለም፣ ጓድ፤ ዝም ብሎ ውሻ ነው» አልኩ።

«ዝም ብሎ የሚጮህ ነገር የለም። ግጥሙ የሚያልቅበትን ጠብቆ ነው የጮኸው። አብራሩ።»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ውሻውን ስናብራራ ጥር አለቀ። እኔ ጅብ አይቶ ነው ብዬ ጻፍኩ። ጅብ በቀን ምን ይሠራል ብለው መለሱት። የውሻው ባለቤት ይቅረብ ተባለ፤ ባለቤት የለውም፤ እሱም ራሱን የቻለ ጥያቄ ሆነ። ከዚያ ማኅተሙ ያለው ጓድ ስብሰባ ሄደ፤ ስብሰባው ሲያልቅ ጓዱ ታመመ፤ ጓዱ ሲሻለው ማኅተሙን ሌላ ጓድ ይዞት መስክ ወጣ። እኔ በየሳምንቱ ከአምባ አሶሳ በእግሬ እመላለሳለሁ፤ ኮንጎ ጫማዬ አልቆ በአውራ ጣቴ ነው መሬት የምረግጠው። በተመለስኩ ቁጥር አቡ ዘይነብ ገበያ ዳር ቆመው ይጠብቁኛል። አይጠይቁኝም። ፊቴን ያያሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ። ሰማዩ ያኔ ንጹሕ ነበር። መጋቢት ላይ ዳር ዳሩ መቆሸሽ ጀመረ፤ ሚያዝያ ላይ ሌላው ሰው ሙቀቱ ይብረድልን ብሎ ደመና ሲለምን፣ እኔ ደመና ባየሁ ቁጥር እራገማለሁ።

ወረቀቱ የወጣው ግንቦት ሲጠባ ነው። አሥራ ሁለት ዋዛ፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ «ለትርኢት ብቻ፤ ተጫዋች ያልሆነ አያልፍም» ይላል። በዚያው ቀን ስኳር የጫነ መኪና ለምነን ጆንያው ላይ ወጣን። አያ ይመርና እኔ ከኅብረት ሱቅ በተገዛ ሰማያዊ ካኪ ልብስ አሰፍተናል፤ ልብስ ሰፊው ሁለቱንም በእሱ ልክ ስለሰፋ እኔ ሱሪው ውስጥ ተከራይ መስዬአለሁ። እነሱ በነጭ ጀላቢያ፣ መለከቶቻቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው። ከሸርቆሌ ወዲያ መኪናው አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። ስንቆፍር፣ ስንገፋ፣ ቀርከሃ ስናነጥፍ ሰማዩ ጠቆረ፤ ከዚያ መጣ። ዝናብ አልለውም፤ የሆነ ሰው ከላይ የደፋው ነገር ነው። እዚያው ከመኪናው ሥር ተኮራምተን አደርን።

በማግስቱ ስንነሳ ፀሐይ ወጥታ አገሩ ሁሉ ይተናል። ያን የመሬት ሽታ ዛሬ ሰው ይወደዋል፣ ሽቶም ሊያደርገው ይፈልጋል፤ እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። መኪናው ሄደ፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ማሳው ውስጥ ነው። ወንዶቹ በረጅም እንጨት መሬቱን እየወጉ ከፊት፣ ሴቶቹ ዘሩን ጠብ እያደረጉ በእግራቸው እያለበሱ ከኋላ። ጆንያው ላይ ከዋዛ ነፊዎቹ አንዱ ነጠላውን ከትከሻው አወረደና መለከቱን ጠቀለለው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። አቡ ዘይነብ መጨረሻ ነበሩ፤ ጥምጣማቸውን ፈትተው ጠቀለሉት፣ ራሳቸው ፀሐይ ላይ ራቁቱን ቀረ።

«ትንሽ ነው እኮ የዘነበው» አለ አያ ይመር።

«ዘር ገባ» አሉ። «ኻላስ፣ አለቀ።»

ኩርሙክ ስንደርስ አሥራ አንዱ ከኬላው ወዲህ ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ማዶ ሰው ተሰብስቧል፤ ከኾሩ ዳር ሕዝቡ እንደ ጉንዳን ነው። ከፊት ቶብ የሚሉትን የሱዳን ሴቶች ልብስ፣ ቀዩን፣ የተከናነበች አንዲት ሴት፣ ልጇን አዝላ ቆማለች። ማን እንደሆነች ማንም አልነገረኝም፤ የአቡ ዘይነብን ፊት አይቼ ነው ያወቅኩት።

የኬላው መቶ አለቃ ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አነበበው።

«ዋዛዎቹ የማይነፉ ከሆነ ተጫዋች አይደሉም። ተጫዋች ያልሆነ አያልፍም፤ ይኸው ጽፎታል።»

አያ ይመር አንድ ነገር መጣለት። «እኚህ አባት አጨብጫቢዬ ናቸው፣ ጌታዬ። ማሲንቆ ያለ አጨብጫቢ አይሆንም።»

«እስቲ ያጨብጭቡ።»

አያ ይመር መከርከር ጀመረ፣ እኔ ከበሮዬን ያዝኩ። አቡ ዘይነብ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ቆሙ። ከዚያ አንድ ጊዜ «ጧ!» አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ። እኔ እመታለሁ፣ እሱ ይዘፍናል፣ እሳቸው የሉም። ዘፈኑ ዞሮ ዞሮ ሲመጣ፣ «ጧ!»

«ይቀጥሉ እንጂ!» አለ መቶ አለቃው።

«ተራቸው አልደረሰም፣ ጌታዬ» አልኩ።

«የምን ተራ? ሌላ አጨብጫቢ አለ እንዴ?»

«አሥራ አንድ አሉ፣ ጌታዬ። ዛፉ ሥር ናቸው።»

መቶ አለቃው ኮፍያውን አወለቀ። «እኔ ስንት ስብሰባ ላይ ስንት ጭብጨባ አይቻለሁ። ተራ ጠብቆ የሚያጨበጭብ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እኚህ ሰውዬ ማጨብጨብ አይችሉም።»

ይታያችሁ! ከኩርሙክ እስከ ባምባሲ አሉ የሚባሉት ሙዚቀኛ በጭብጨባ ወደቁ፤ ዘፈን የምቀድመው እኔ አለፍኩ! ለመንነው፣ ጫማው ላይ ልንወድቅ ምንም አልቀረን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ላብ በላብ ሆኗል። «ዛሬ አንድ አጨብጫቢ ባሳልፍ ነገ አገሩ በሙሉ አጨብጫቢ ነኝ ይላል» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ፣ አንዴ ብቻ መለከቱን ይንፉት። አንዴ። ነፍተው ይለፉ።»

ሁላችንም ወደ አቡ ዘይነብ ዞርን። ዛፉ ሥር ያሉት አሥራ አንዱም ያያሉ። ማዶ ቀይ ቶብ የለበሰችው ሴት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች።

«አይነፋም» አሉ።

«ልጅዎ ያቻትና!» አለ አያ ይመር፤ እንባው መጥቷል፣ በንዴት። «አንዴ ዱ ቢሉ ማን ይሰማዎታል? ማሽላው ጆሮ የለው!»

«እኔ ይሰማል» አሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

«እንግዲያ እኔም አልሄድም!»

«አንተ ይሄዳል። ሰው ቆመ፣ ይጠብቃል። ነውር ነው። ሂድ፣ ዘይነብ ሰላም በል።»

ተሻገርን። ዓለም አቀፉ ቡድን ሁለት ሰውና አንድ ሰፊ ሱሪ ሆኖ ተሻገረ። ማዶ ያለው ሕዝብ ዋዛው የት ሄደ ብሎ አልጠየቀንም፤ ግማሹ ራሱ ከማሳ ነው የመጣው፣ እጁ ላይ ጭቃ አለ። የማሲንቆው ቆዳ በዝናቡ ረጥቦ ድምፁ ድንጋዩ የደከመ ቴፕ ይመስላል። አያ ይመር ግን ዘፈነ፤

ማዶ ለማዶ ሆነን ጢስ እየተያየን፣
ውኃ የሌለው ወንዝ እንዴት ብሎ ለየን።

ግጥሙ ሲያልቅ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ሽማግሌው ሳይቀር፣ በአንድ አፍ ሁለቴ «ሃው! ሃው!» አለ። የአልበማችን ውሻ! ካሴቱን ቃል በቃል አጥንተውታል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ለመሳቅም ለማልቀስም ቸግሮኝ አያውቅም። ሁለተኛውን ዘፈን ስንጀምር ከወዲያ ፊሽካ ተነፋ፤ መቶ አለቃው እጁን ያወናጭፋል። ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ውኃ በኾሩ እየመጣ ነው፣ ቡናማ፣ ቅጠልና እንጨት እየገፋ። ዳማዚንም ካርቱምም እዚያው ላይ አበቁ። ከበሮዬን አንስቼ ሮጥኩ።

ዳር ስደርስ ዘይነብ ከአያ ይመር ፊት ቆማለች። አማርኛ አታውቅም፣ እሱም የእሷን አያውቅም። ልጁን ደረቱ ላይ ለጠፈችበትና ማዶ ያሉትን አባቷን በጣቷ አሳየችው። ከዚያ ጣቷን ወደ ራሷ መለሰች። አሳይተህ መልሰህ አምጣው ማለት ነው። አያ ይመር ማሲንቆውን ለእኔ ወረወረልኝ፤ አውሮፕላን ውስጥ እንኳ ለሰው ያልሰጠውን ማሲንቆ። ውኃው ቁርጭምጭሚት ላይ ነበር። ወዲህ ስንወጣ መቶ አለቃው መንገዱን ዘጋ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ወረቀቱ ላይ የለም!»

ልጁ የመቶ አለቃውን ዩኒፎርም አየና፣ አገር የሚያስለቅቅ ጩኸት ለቀቀ።

«ድምፃዊ ነው፣ ጌታዬ» አለ አያ ይመር።

መቶ አለቃው ፊቱን ወደ ኬላው ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። «አንድ ዘፈን» አለ ሳይዞር። «አንድ ብቻ።»

አቡ ዘይነብ ልጁን ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልነግራችሁ ብችል ደስ ባለኝ፤ ግን ከመቀበላቸው ውኃው ጨመረ፣ ዘይነብ ከማዶ ትጣራለች፣ ሁላችንም እንጮሃለን። ልጁ ጢማቸውን ያዘ፣ እሳቸው ጆሮውን አሸተቱት፣ አለቀ። ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ ማኅተም፣ ያ ሁሉ ውሻ ለዚህ። አያ ይመር ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ገብቶ ለእናቱ መልሶ ሲመጣ፣ ኾሩ የምር ወንዝ ሆነ፤ ሲጮሁ እንኳ የማይሰማ።

በአዝመራ ደግመን እንሄዳለን ተባብለን ነበር። ማሽላው ያማረ ሆነ፣ ዋዛውም ተነሣ፤ ኬላው ግን በዚያው ተዘጋ፣ መቶ አለቃውም ተቀየረ። ኋላም አምባው ሲፈርስ አያ ይመር ማሲንቆውን በብብቱ ይዞ ወደ ወሎ ተመለሰ። እኔ እዚሁ ቀረሁ፣ አገባሁ፣ ሱቅ ከፈትኩ፣ ከበሮውን ዋጥኩ። የዛሬው ልጅ በየከተማው ይዙር፤ ምን አገባኝ። ብቻ ፖስተሩን ባየሁ ቁጥር ያቺ የመልስ መንገድ ትመጣብኛለች።

መኪናው ባዶውን ነበር የተመለሰው፤ የተጣጠፈ ጆንያ ላይ ተቀምጠናል። ሌላው ሰው ከድንበር ሲመለስ ሽቶ፣ ሳሙና፣ ሬዲዮ ይዞ ነው የሚመጣው። እኛ ባዶ እጃችንን። አቡ ዘይነብ ጥጉን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከጀላቢያቸው ፊት፣ ከደረት እስከ ጭን፣ አንድ ሰፊ እርጥበት አለ። ልጁ ሸንቶባቸው ነበር።

«አቡ ዘይነብ፣ በኮዳዬ ውኃ አለ፤ ላለቅልቅልዎት?» አልኳቸው።

«ላ!» ብለው እጄን ገፉት። «ተወው!»

ፀሐይዋ ጠንክራለች፤ የእኛ ልብስ ሁሉ ደርቆ ተንኳኳ። እሳቸው አንድ ጆንያ አነሱና ከፊታቸው እንደ መጋረጃ ይዘው እርጥቡን ከለሉት፣ ቶሎ እንዳይደርቅባቸው። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ፀሐይዋ በሌላ በኩል ትመጣለች፤ እሳቸውም ጆንያቸውን ይዘው አብረው ይዞራሉ። እስከ ሸርቆሌ ድረስ እንደዚያው እየዞሩ ሄዱ።